የግብርና እና የምግብ ዋስትና ድርጅቶች የግራንት አፈላለግ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ በምግብ ዋስትና፣ በዘር ብዜት፣ በአፈርና ውኃ ጥበቃ፣ በእንስሳት እርባታና በአነስተኛ መስኖ የሚሠሩ ሀገር በቀል ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ሥራቸውን በአብዛኛው የሚያካሂዱት በተለምዶ ግራንት በሚባለው፣ ከውጭ ለጋሾች በሚገኝ መመለስ የማይጠበቅበት ገንዘብ ነው። ዘርፉ መልክ የያዘው በወሎ ረሃብ ዘመን ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1973 የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች እርዳታቸውን ለማቀናጀት የመሠረቱት ኅብረት ዛሬም የክርስቲያን በጎ አድራጎትና ልማት ድርጅቶች ኅብረት በሚል ስም ቀጥሏል። እህል ከማከፋፈል ወደ ዘላቂ ልማት ለመሻገር ብዙ ዓመት ወስዷል፤ የገንዘቡ ጠባይ ግን አሁንም ከድርቅና ከአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ጋር ያለውን ቁርኝት ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ድርጅቶቹ ገንዘብ የሚፈልጉበት መንገድ በሕግ ለውጥ ብዙ ተቀያይሯል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ስለነበር፣ ገበሬውን በምርጥ ዘር የሚረዳ ድርጅት ስለዚያው ገበሬ መብት መናገር አይችልም ነበር። ከዚህ ይልቅ የዕለት ተዕለት ሥራውን ያጨናነቀው 70/30 በመባል የሚታወቀው መመሪያ ነበር። መመሪያው የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ሲያዝ፣ የገበሬ ሥልጠናን፣ የመስክ ክትትልንና የትራንስፖርት ወጪን ጭምር ከአስተዳደር ወጪ ይቆጥር ነበር፤ የግብርና ሥራ ደግሞ በዋናነት ሥልጠና፣ ክትትልና የመስክ ጉዞ ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ሥርዓት ሽሮ ከውጭ በሚገኝ ገንዘብ ላይ የነበረውን ገደብ አነሣ፤ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያውን 20 በመቶ ቢያደርገውም ከፕሮጀክቱ ዓላማ ጋር የሚያያዙ ወጪዎችን ከዚያ ውስጥ አወጣ፤ ድርጅቶች ገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠሩም ፈቀደ።

ከለጋሾቹ መካከል የአውሮፓ ኅብረት ጥሪ፣ ማለትም ድርጅቶች ለገንዘብ እንዲያመለክቱ የሚያወጣው ማስታወቂያ፣ ሰፊ ቢሆንም ለትናንሽ ድርጅቶች ከባድ ነው። አመልካቹ መጀመሪያ አጭር የፕሮጀክት ሐሳብ፣ ማለትም ኮንሴፕት ኖት ያቀርባል፤ ይህን ያለፈ ብቻ ሙሉ ፕሮፖዛል፣ ሎግ ፍሬም (የፕሮጀክቱን ዓላማ፣ ሥራና የሚጠበቅ ውጤት የሚያሳይ ሠንጠረዥ) እና ዝርዝር በጀት ይጠየቃል። ድርጅቱ የራሱን መዋጮ መሸፈን አለበት፤ ለጠቅላላ የቢሮ ወጪ የሚፈቀደውም ከቀጥተኛው ወጪ ቢበዛ 7 በመቶ ነው። የገንዘቡ መጠን ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ስለሆነ ትናንሾቹ የሚገቡት በትልልቅ ድርጅቶች ሥር እንደ አጋር አመልካች ወይም እንደ ሰብ ግራንት (ዋናው ተቀባይ ከራሱ ግራንት ከፍሎ የሚሰጠው ገንዘብ) ተቀባይ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የሚተዳደረው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ ፈንድም ለሀገር በቀል ድርጅቶች ክፍት ነው፤ ሆኖም ድርጅቱ አስቀድሞ የአቅም ምዘና ማለፍ ይኖርበታል፤ ገንዘቡም ለአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ የታሰበ በመሆኑ የረጅም ጊዜ የግብርና ሥራን አይሸከምም።

ለጀማሪ ድርጅት ከሁሉ የሚመቸው በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሰጠው የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ (ለአካባቢ ጥበቃ ገንዘብ የሚሰጥ ተቋም) የአነስተኛ ግራንት ፕሮግራም ይመስላል። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ለአንድ ፕሮጀክት ይሰጥ የነበረው ከፍተኛ መጠን 50,000 ዶላር ነበር። በየሀገሩ የሚወስነው ኮሚቴ አብዛኛው አባል ከመንግሥት ውጭ የሆነ ነው፤ የማኅበረሰቡ ጉልበት፣ መሬትና ቁሳቁስ በገንዘብ ተተምኖ እንደ መዋጮ ይያዛል። የገበሬ ማኅበር በጥሬ ገንዘብ ማዋጣት ባይችልም እርከን በመሥራትና ችግኝ በመትከል የሚያበረክተው ድርሻ ተገቢውን ክብር የሚያገኝበት አሠራር ነው።

የለጋሾች ጥገኝነት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2025 ታይቷል። በጥር ወር አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም በኢትዮጵያ የነበሩ በርካታ የምግብ ዋስትና ፕሮጀክቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥራ እንዲያቆሙ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ ድርጅትም በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ (ጁላይ 1) በይፋ ተዘጋ። አሜሪካ ለኢትዮጵያ ቀዳሚዋ የሰብዓዊ እርዳታ ለጋሽ ስለነበረች ቀሪዎቹ ለጋሾች ክፍተቱን መሙላት አልቻሉም፤ በየጥሪው የሚወዳደሩት ድርጅቶች ቁጥር ግን ጨመረ።

ጥሪ ማግኘትና ፕሮፖዛል መጻፍ ግን የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። ለጋሹ ውል ከፈረመ በኋላ ድርጅቱ ከክልሉ ፋይናንስ ቢሮና ከግብርና ቢሮ ጋር የፕሮጀክት ስምምነት መፈረም፣ ከዚያም ወደ ዞንና ወረዳ መውረድ አለበት። ይህ ሒደት ወራት ሊወስድ ይችላል፤ እርሻ ደግሞ ፊርማ አይጠብቅም። በቆሎና ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት፣ ስንዴ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ጤፍ በሐምሌ ይዘራል። ስምምነቱ በነሐሴ የተፈረመ ፕሮጀክት የዓመቱን መኸር አምልጦታል፤ የአሥራ ስምንት ወር ፕሮጀክት ከሆነ ደግሞ ውጤቱን የሚያሳይበት አንድ የምርት ዘመን ብቻ ይቀረዋል። ልምድ ያላቸው ድርጅቶች ይህን ስለሚያውቁ ጥሪው ሳይወጣ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግረው የቀበሌዎቹን ምርጫና የመነሻ መረጃ አስቀድመው ይዘው ይጠብቃሉ፤ የኦዲት ሪፖርታቸውንም በየዓመቱ በሰዓቱ ያስገባሉ።

የዘር ግዢ ይህንን በግልጽ ያሳያል። ዘር በታኅሣሥና በጥር፣ ምርት ገና ሲወቃ፣ ርካሽና የተሻለ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ገበሬው ራሱ ዘር ስለሚፈልግ ዋጋው ይወደዳል፤ ጥራቱን መርጦ መግዛትም ያስቸግራል። የመጀመሪያው ክፍያ በሰኔ የሚለቀቅበት በጀት በወረቀት ላይ ትክክል ቢሆንም በጎተራ ውስጥ የሚያስገባው ዘር ያንሳል። ስለዚህ የክፍያ መርሐ ግብሩን ከመኸር ጋር ማስማማት በውል ድርድር ጊዜ በግልጽ መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ለጋሾችም ምክንያቱ በአግባቡ ከቀረበላቸው ይቀበላሉ።

የብር ምንዛሪም ሌላው ፈተና ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ውል ያላቸው ድርጅቶች በብር ብዙ አገኙ፤ በብር ውል የገቡት ሰብ ግራንት ተቀባዮች ግን ማዳበሪያ፣ ነዳጅና የመስኖ ፓምፕ ሲወደድባቸው ገንዘባቸው ባለበት ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሰብ ግራንት የሚፈርሙ ድርጅቶች ስለ ምንዛሪ ልዩነት የሚገልጽ አንቀጽ በውሉ እንዲካተት መጠየቃቸው ተገቢ ነው።

ግራንቱ ሲያልቅ ምን ይቀራል የሚለውን ለጋሾች ሁሉ ይጠይቃሉ፤ የተሻለው መልስ ያለው በምሥራቅ ሸዋ ጊምቢቹ ወረዳ በሚገኘው የኤጄሬ የማኅበረሰብ ዘር ባንክ ዓይነት ሥራ ላይ ነው። ገበሬዎቹ የአካባቢያቸውን የዱረም ስንዴ ዝርያዎች በማኅበር ያስቀምጣሉ፤ በዘር ወቅት ይበደራሉ፤ ከምርት በኋላም ጭማሪ አድርገው በዓይነት ይመልሳሉ። መነሻው ግራንት ቢሆንም ዘሩ ከገበሬ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ገበሬ ሲዘዋወር ሌላ ጥሪ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገውም።