አይኦኤምኤምዩ፦ ካርዱ ከተሰጠው ሜሞሪ እንዳያልፍ የሚጠብቀው ሃርድዌር

ደብረ ብርሃን ላይ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ ሊኑክስ የሚጭን፣ በአንድ ማሽን ላይ ሦስት አራት ቨርቹዋል ማሽን አስነስቶ ኔትወርክ የሚለማመድ ተማሪ ሞልቷል። አብዛኛው ባዮስ ውስጥ ገብቶ ለቨርቹዋል ማሽን የምታስፈልገውን የሲፒዩ ሴቲንግ ቪቲ-ኤክስን ያበራና ጨረስኩ ይላል። አጠገቧ ያለችውን ቪቲ-ዲን ዞር ብሎ የሚያያት ጥቂት ነው። እኔ ግን በደንብ መታወቅ ያለባት እሷ ናት ባይ ነኝ። ቪቲ-ዲ ኢንቴል ለአይኦኤምኤምዩ ያወጣለት ስም ነው። ኤኤምዲ ኤኤምዲ-ቪአይ ይለዋል፣ አርም ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ ኤስኤምኤምዩ ይባላል። የሁሉም ሥራ አንድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ካርዶች ሜሞሪን በቀጥታ ከሚነኩበት ዘዴ፣ ከዲኤምኤ ነው። ኔትወርክ ካርድ፣ ዲስክ፣ ግራፊክስ ካርድ ዳታ ሲያመጡ በሲፒዩው በኩል አያሳልፉም፤ ራሙ ላይ ቀጥታ ይጽፋሉ። እያንዳንዷን ባይት ሲፒዩው ያመላልስ ቢባል ሌላ ሥራ አይሠራም ነበርና ይሄ የግድ ነው። ግን አደጋም አለው። አንድ ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ ልንካ ቢል የሲፒዩው ሜሞሪ ጠባቂ የሆነው ኤምኤምዩ ያስቆመዋል፣ ካርዱ ግን በዚያ በር አያልፍም። ፊዚካል አድራሻ ይዞ ይመጣል፣ እዚያ ቦታ የከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ኮድ ይኑር የይለፍ ቃላችሁ ይኑር ጉዳዩ አይደለም፣ ይጽፍበታል። ድራይቨሩ አንዲት ቁጥር ከሳተ ወይ ፈርምዌሩ ከተበላሸ ማሽኑ በምን እንደወደቀ ሳይታወቅ ይወድቃል።

አይኦኤምኤምዩ በካርዶቹና በራሙ መሀል የሚቆም ተርጓሚና ጠባቂ ነው። ካርዱ የሚያየው አድራሻ ከርነሉ የፈጠረለትን እንጂ እውነተኛውን አይደለም። ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ማን እንደጠየቀ ነው፤ ፒሲአይ (ካርዶቹ የሚሰኩበት መስመር) ላይ ያለ እያንዳንዱ ዕቃ 16 ቢት መለያ አለው፣ 8ቱ ለባስ፣ 5ቱ ለዲቫይስ፣ 3ቱ ለፈንክሽን። በዚያ መለያ የካርዱ የራሱ ፔጅ ቴብል፣ ማለትም የተፈቀዱለት አድራሻዎች መዝገብ፣ ይገኛል። አድራሻው እዚያ ካለ ተተርጉሞ ያልፋል፣ ከሌለ ይታገዳል፣ ከርነሉም ወዲያው ይነገረዋል።

አንዲት ፓኬት (የኔትወርክ ዳታ ቁራጭ) ስትመጣ የሚሆነውን ጠጋ ብለን እንየው። ድራይቨሩ 2 ኪሎባይት የሚሆን ባፈር (ዳታው የሚያርፍበት የሜሞሪ ቦታ) አዘጋጅቶ ከርነሉን «ይሄን ለካርዱ ክፈትልኝ» ይላል። ከርነሉ ነፃ አድራሻ ይመርጣል፣ ፔጅ ቴብሉ ላይ ይመዘግባል፣ ቁጥሩን ለድራይቨሩ ይሰጣል፣ ድራይቨሩ ለካርዱ ያቀብላል። ፓኬቷ ገብታ ከተጻፈች በኋላ ፈቃዱ መሰረዝ አለበት። ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሃርድዌሩ የቅርብ ትርጉሞችን አይኦቲኤልቢ የሚባል ካሽ ውስጥ ስለሚይዝ ከቴብሉ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፣ ካሹም መጽዳት አለበት፣ ይሄ ደግሞ በሰከንድ መቶ ሺህ ፓኬት ለሚያስተናግድ ሰርቨር ቀላል ሸክም አይደለም። ለዚህ ነው ሊኑክስ ሁለት አካሄድ ያለው፦ አንዱ ፈቃድ በተሰረዘ ቁጥር ወዲያው ያጸዳል፣ ሌላው አጠራቅሞ አንዴ ያጸዳል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ካርዱ ግን ፈቃዱ ካበቃ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ባፈሩን መንካት ይችላል።

ሌላም አለ። ፈቃድ የሚሰጠው በፔጅ፣ ማለትም በቋሚ መጠን በተከፋፈለ የሜሞሪ ቁራጭ፣ ነው፣ ትንሹ ፔጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎባይት። የ2 ኪሎባይት ባፈር ስትከፍቱ እዚያው ፔጅ ላይ ያደረው ሌላ ዳታም አብሮ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ተንደርክላፕ በሚል ስም የወጣው ጥናት አይኦኤምኤምዩ የበራባቸው ሲስተሞች ሳይቀሩ በእንዲህ ዓይነት ቀዳዳዎች እንደሚጠቁ አሳይቷል። ስለዚህ አይኦኤምኤምዩው መከፈቱ ብቻ ሳይሆን ከርነሉ እንዴት እንደሚጠቀምበትም ወሳኝ ነው።

ጥቅሙ መከላከል ብቻ አይደለም። 32 ቢት አድራሻ ብቻ የሚችል የቆየ ካርድ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን ራም በራሱ አይደርስበትም፤ ያለ አይኦኤምኤምዩ ከርነሉ ዳታውን ታች አምጥቶ መገልበጥ አለበት፣ በአይኦኤምኤምዩ ግን መተርጎም ብቻ ይበቃል። ራም ላይ የተበታተኑ ፔጆችንም ለካርዱ አንድ ወጥ አስመስሎ ያሳየዋል።

ለተማሪዎቻችን የሚጥመው ግን ሁለተኛውን ኔትወርክ ካርድ ለቨርቹዋል ማሽን ሙሉ ለሙሉ መስጠት ነው። ሊኑክስ ላይ ይሄን የሚሠራው ቪኤፍአይኦ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከርነል 3.6 ላይ የገባ። ከርነሉ እርስ በርሳቸው መለየት የማይችላቸውን ካርዶች አንድ ግሩፕ ውስጥ ያስገባቸዋል፣ ግሩፑ ደግሞ ተከፋፍሎ አይሰጥም። አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ሁለት ሦስት ካርድ አንድ ግሩፕ ውስጥ ተጨናንቆ ይገኛል፤ ካርዱን ሌላ ስሎት ላይ መሰካት አንዳንዴ ይፈታዋል።

ፒሲዎች ላይ ነገሩ አዲስ የሚባል አይደለም፣ ኢንቴልና ኤኤምዲ ዝርዝሩን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ ነው። ሆኖም ብዙ የቆዩ ቦርዶች ሲገዙ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። እኛ አካባቢ ደግሞ አንድ የተለመደ ጣጣ አለ፦ የቦርዱ ባትሪ ሞቶ መብራት ሲጠፋ ባዮሱ ወደ መጀመሪያው ሴቲንግ ይመለሳል፣ ትናንት ያበራችሁት ቪቲ-ዲም አብሮ ይጠፋል። የማሽኑ ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ ባትሪውን ቀይሩት።

ቪቲ-ዲ መከፈቱን ለማወቅ የከርነሉን የማስነሻ መልእክቶች እዩ፤ ኢንቴል ማሽን ላይ ዲማር የሚል ሰንጠረዥ ካልታየ ባዮሱ ዘግቶታል ወይም ማሽኑ ቪቲ-ዲ የለውም ማለት ነው። ቃሉ ከፎልት (ስህተት) ጋር ከመጣ ደግሞ በጥሞና አንብቡት። የካርዱ መለያ፣ ሊነካው የሞከረው አድራሻ፣ መጻፍ ወይም ማንበብ እንደተከለከለ ሁሉም እዚያው ተጽፏል። መለያውን ከካርዶቹ ዝርዝር ጋር አመሳክራችሁ የዚያን ካርድ ድራይቨርና ፈርምዌር አድሱ። ቪቲ-ዲን መዝጋት መልእክቱን ያጠፋዋል፣ ካርዱ ግን ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ያለ ከልካይ ሊነካ ይችላል።