ስለ «ምንትዋብ» የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ሴት ልጅ ስትወለድ ስም ለማውጣት የማይሽቀዳደም የለም። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ሁሉ ሐሳብ አለው። «ምንትዋብ እንበላት» ሲባል ደግሞ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል። ስሙን በጣም ስለምወደው ላጥራው።

«ግዕዝ ነው»
አይደለም። «ምንት» በግዕዝ «ምን» ማለት ስለሆነ ያሳስታል። ስሙ ግን አማርኛ ነው። «ምን ትዋብ!» በዛሬ አነጋገር «እንዴት ታምራለች!» ማለት ነው። እንዲህ ሙሉ ንግግር ስም ሲሆን ብርቅ አይደለም። ማንያህልሻልም እንደዚሁ ናት።

«የእቴጌ ምንትዋብ የንግሥና ስም ነው»
ይሄ ከሁሉም የበዛው ስህተት ነው። ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ ሲሞቱ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1730፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ሳለ ነገሠ። እሳቸውም ዘውድ ጭነው አገር መሩ። የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር፤ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ። ምንትዋብ የዓለም ስማቸው ነው። ዘውዱ ያመጣውን ስም ዛሬ ስንቱ ያስታውሰዋል? ሕዝብ አፍ ላይ የቀረው ምንትዋብ ነው። እኔን የሚማርከኝም ይሄ ነው። እናታቸውም እንኮዬ ይባሉ ነበር፤ ከዱር ፍሬ የመጣ፣ እንዴት ያለ ደስ የሚል ስም!

«ወለተ ጊዮርጊስ ከተባሉ አባታቸው ጊዮርጊስ ነው»
የለም። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ «የቅዱሱ ልጅ» ተብላ ትሰየማለች እንጂ የአባት ስም አይደለም። የጣናዋን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን እዩ፤ አባታቸው ባሕር ሰገድ ነበሩ።

«የጎንደር ከተማ ተወላጅ ናቸው»
የቋራ ሰው ናቸው። ጎንደር የነገሡባት፣ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩባት ከተማ ናት።

«ደሴቱ ላይ ያለውን ሥዕላቸውን ሴት አታይም»
ሴት የማይገባበት ሌላው የጣና ደሴት ገዳም፣ ክብራን ገብርኤል ነው። የእቴጌዋ ሥዕል ያለው ደቅ ደሴት፣ እሳቸው ባሠሩት ናርጋ ሥላሴ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሴትም ትገባለች። እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ምንትዋብ የምትባል ልጅ ካለቻችሁ ከፍ ስትል ውሰዷትና ታየው። ከባሕር ዳር በጠዋት ተነሱ። ደቅ ሩቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ሲነሳ ጣና ላይ ማዕበሉ ይበረታል።