ታናይምና አሞራይም፦ ማን ማንን መቃወም ይችላል?

የአይሁድ የሕግና የክርክር መጽሐፍ በሆነው ታልሙድ ውስጥ ሁሉም «ሊቃውንት» ስለሚባሉ ነገሩ ይምታታል። ታናይም ቀደምቶቹ ናቸው (አንዱ «ታና» ይባላል)። የቃል ሕጉን ሲያስተላልፉና ሲከራከሩበት ቆይተው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 200 ገደማ ረቢ ይሁዳ ሃናሲ ሚሽና የተባለ የሕግ ስብስብ አድርጎ አሰናዳው። ከዚያ እስከ 500 ገደማ በጥብርያዶስና በባቢሎን ያንን ሚሽና እየበለቱ የተከራከሩበት ደግሞ አሞራይም ናቸው (አንዱ «አሞራ» ይባላል፣ ከሚበረው ጋር ዝምድና የለውም)።

ሚሽና፣ ሁለት ሰዎች አንድ ልብስ ይዘው «እኔ ነኝ ያገኘሁት» ቢባባሉ ምለው ይካፈሉት ይላል። መሐላው ለምን? አሞራው ረቢ ዮሐናን፣ ያለዚያ ማንም ተነስቶ የሰው ልብስ ጨብጦ «የኔ ነው» ይላል አለ። ልክ ነው፣ ሰው እንደሆነ አያፍርም!

ደንቡ ይኸው ነው፦ አሞራ፣ ሌላ ታና ከጎኑ ካልቆመ በቀር ታናን አይቃወምም። ከመጀመሪያዎቹ የባቢሎን አሞራይም አንዱ የሆነው ራቭ ብቻ ይለያል፤ ታልሙዱ ራሱ እንደ ታና ቆጥሮ እንዲቃወም ይፈቅድለታል።