አሮጌ ሸቭሮሌ ፒካፕ ላይ ዘመናዊ ሞተር መግጠም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከ1967 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሸቭሮሌ ሲ-10 አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሞተር በብዛት ከሚገባላቸው አሮጌ ፒካፖች አንዱ ነው። የሚገባለትም አብዛኛውን ጊዜ ጀነራል ሞተርስ ከ1999 ጀምሮ በፒካፖቹ ላይ የገጠመው 5.3 ሊትር ቪ8 ነው፤ ከተጋጨ መኪና ላይ ከነካምቢዮው፣ ከነሽቦውና ከነኮምፒውተሩ ይፈታል። ሞተሩን ቦታው ላይ ማስቀመጥ ቀላሉ ክፍል ነው። ወራት የሚበሉት ነዳጁ፣ ሽቦውና ውሃው ናቸው፤ ሰው ተሳስቶ የሚነጋገረውም በአብዛኛው ስለነሱ ነው።

«ሻንሲ ሳይቆረጥ አይገባም»

አይቆረጥም። የድሮው ቪ8 ብሎክ ሞተሩን ሻንሲው ላይ ከሚይዘው ሱፖርቶ ጋር የሚታሰረው በ3 ብሎን ነው፤ የአዲሱ በ4። በመሃላቸው የሚገባ የብረት ሰሌዳ ተሠርቶ ይሸጣል፤ በአንድ በኩል አዲሱ ብሎክ ላይ ይታሰራል፣ በሌላው በኩል የድሮውን ሱፖርቶ ይይዛል። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ 6 ሲሊንደር ከነበረ ግን ሻንሲው ላይ ያለው የሱፖርቶ መቀመጫ የተለየ ስለሆነ የቪ8ቱን ፈልጋችሁ ቀይሩ።

ራስ የሚያዞረው የዘይት ቋቱ ነው። የፒካፑ ሞተር ቋት ጥልቅ ስለሆነ ሲ-10 ላይ ወይ ከፊተኛው መስቀለኛ ብረት ጋር ይጋጫል፣ ወይ ከሱ በታች ተንጠልጥሎ መንገድ ላይ ይመታል። መፍትሔው ከ1998–2002 ካማሮ የተፈታ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አጭር ቋት ነው። ቋቱ ሲቀየር የዘይት መሳቢያው ቱቦ አብሮ ይቀየራል፤ ቱቦው ፓምፑ ውስጥ የሚገባበት ኦሪንግ ደግሞ አዲስና በልኩ ይሁን። ይህች ጎማ ስትገባ ከተቆነጠጠች ፓምፑ ከዘይቱ ጋር አየር ይስባል፤ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት ግፊቱ ይወርዳል። ስንቱ ሰው ኩሽኔታ ተበልቷል ብሎ ደህና ሞተር አውርዷል፤ ጥፋቱ የጥቂት ዶላር ጎማ ሆኖ ሳለ።

በቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ የተቀመጠው የኤሲ ኮምፕሬሰርም ሻንሲውን ይነካል። ወደ ላይ የሚያወጣው ማሰሪያ ለብቻው ይገዛል።

«አዲሱ ሞተር ከባድ ነው፣ የፊት ሱስታ ይረግጣል»

የተገላቢጦሽ ነው። ብሎኩ ብረት ቢሆንም ቴስታታዎቹ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳኖች፣ አሉሚኒየም ስለሆኑ ሙሉ በሙሉ ብረት ከሆነው ከድሮው ቪ8 ይቀላል።

«የድሮው የነዳጅ ፓምፕ ይበቃዋል»

ካርቡራተር ከ4 እስከ 7 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይበቃዋል። የዚህ ሞተር ኢንጄክተሮች ግን 58 ፒ.ኤስ.አይ፣ ማለትም 4 ባር ገደማ ይፈልጋሉ። ብሎኩም የሜካኒካል ፓምፕ ማሰሪያ የለውም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይገባል፤ ቦታው ታንኩ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ቤንዚኑ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ውጭ የታሰረ ፓምፕ ይጮኻል፣ ይግላል፣ ቤንዚን ሲያንስም ቶሎ ይቃጠላል።

ሲ-10 ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የነዳጅ ታንኩ ያለው ጋቢና ውስጥ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ነው። 4 ባር የሚገፋ መስመር ከሰው ወገብ ኋላ መዘርጋት አንመክርም። ታንኩን አውጥቶ ከኋላ በሻንሲው መሃል፣ ከጭነቱ ሳጥን ሥር ማሰር ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም።

ግፊቱን ለመቆጣጠር ብዙ ሰው የሚጠቀመው የ1999–2003 ኮርቬት ማጣሪያ ነው። ማጣሪያውና ግፊት የሚወስነው ሬጉሌተር አንድ ላይ ናቸው፤ ሦስት አፍ አለው፦ ከፓምፑ መግቢያ፣ ወደ ታንክ መመለሻ፣ ወደ ሞተር መውጫ። ታንኩ አጠገብ ከታሰረ ወደ ፊት የሚሄደው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል። የሞተሩ የኢንጄክተር ቧንቧ የራሱ ሬጉሌተርና መመለሻ ካለው ግን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሮች ላይ አለ፣ ሁለተኛ አትጨምሩ። የካርቡራተር ጎማና ተራ ፋሼታ ይህን ግፊት አይችሉም፤ ለኢንጄክሽን የተሠራው ጎማ ከራሱ ፋሼታ ጋር ይግባ።

«5.3 ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም፤ ሳይገዛ በፊት ይለያል። የቀድሞዎቹ ሦስተኛው ትውልድ ይባላሉ፤ የካምሻፍት ሴንሰራቸው ከብሎኩ ጀርባ ነው፣ የክራንኩ ሴንሰር ጥቁር ነው፣ ኮምፒውተራቸውም ክራንኩ አንዴ በዞረ ቁጥር ከሴንሰሩ 24 ምት ይቆጥራል። ከ2005 ወዲህ የመጣው አራተኛው ትውልድ የካምሻፍት ሴንሰሩ ከፊት ሽፋኑ ላይ ነው፣ የክራንኩ ሴንሰር በአብዛኛው ግራጫ ነው፣ ምቱም በአብዛኛው 58 ነው። የአንዱን ኮምፒውተር ለሌላው ብታስሩ ሞተሩ አይነሳም።

አራተኛው ትውልድ ላይ ብዙዎቹ በቀላል ጉዞ 4 ሲሊንደር የሚያጠፋ አሠራር አላቸው፤ ለዚሁ የተሠሩት ሊፍተሮች (ቫልቮቹን የሚገፉት) መበላሸታቸው የታወቀ ነው። ከሦስተኛው ደግሞ 706 ቁጥር ያለው ቴስታታ ላይ የካስቴክ፣ ማለትም የአምራቹ፣ ምልክት ካለ ተጠንቀቁ፤ ይሰነጠቃል፣ የትም ሳይንጠባጠብ ውሃ ይጎድላል። ምልክቱን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

«ሽቦው ለስፔሻሊስት እንጂ ለመካኒክ አይሆንም»

ሞተሩ ብቻውን እንዲነሳ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ ቋሚ የባትሪ መስመር፣ በቁልፍ የሚበራ መስመር፣ የነዳጅ ፓምፕ ሪሌና ጥሩ ግራውንድ። ከባትሪ ወደ ብሎክ፣ ከብሎክ ወደ ሻንሲ፣ ከሻንሲ ወደ ጋቢና ወፍራም ገመድ ይሂድ፤ ቀለም የተቀባ ቦታ ላይ አይታሰር።

በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ይህ ነው። ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም፤ ቁልፉን ልትለቁ ስትሉ ብቻ አንዴ ያስላል። ምክንያቱ የቁልፍ መስመሩ የተወሰደው በስታርት ጊዜ ከሚጠፋ ሽቦ፣ ለምሳሌ ከራዲዮው ወይም ከማሞቂያው መሆኑ ነው። የሙከራ አምፖል ሮዝ ቀለም ባላቸው የኮምፒውተር ሽቦዎች ላይ አድርጉና ሌላ ሰው ያስነሳ፤ አምፖሉ ከጠፋ ችግሩ እሱ ነው። ተነስቶ በ2 ሰኮንድ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የስርቆት መከላከያ ከሥራ ውጭ አልተደረገም።

የጋዝ ፔዳሉ ያለ ኬብል በሽቦ የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉ፣ ሞጁሉ ካለው ሞጁሉና ኮምፒውተሩ ከአንድ መኪና ይፈቱ።

«ቴስታታው ላይ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ቢደፈኑ ምንም አይሆንም»

ይሆናል። ቴስታታው አናት ላይ የሚጠራቀመውን እንፋሎት የሚያስወጡት እነሱ ናቸው። የኋለኞቹን ፋብሪካውም ይደፍናል፤ የፊቶቹ ግን ወደ ራዲያተሩ አናት ወይም ወደ ውሃ ፓምፑ መመለስ አለባቸው። ከተደፈኑ እንፋሎቱ እዚያው ይታፈናል፣ ቴስታታው አንድ ቦታ ላይ ይግላል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ ግን ደህና ነው ሊል ይችላል።

«የድሮው ካምቢዮ አይገጥምም»

ቲ.ኤች.350 እና 400 የተባሉት የጀነራል ሞተርስ የድሮ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ይገጥማሉ፤ ከብሎኖቹ አንዱ ብቻ ቀዳዳ ያጣል። ነገር ግን የክራንኩ ጫፍ ከድሮው ሞተር 10 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ገባ ያለ ነው። ስፔሰር ካልገባበት የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ኮንቨርተር መሃሉን በደንብ አይዝም፤ መጨረሻው የካምቢዮው ፓምፕ መሰበር ነው።

«አሮጌ መኪና ስለሆነ የጭስ ምርመራ አይመለከተውም»

እንደ ግዛቱ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እስከ 1975 የተሠራ የቤንዚን መኪና ከምርመራው ነፃ ስለሆነ ሲ-10ው ያልፋል። የ1976ቱ ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ፒካፕ ግን ከሻንሲው ያላረጀ ሞተር ከነሙሉ የጭስ መቆጣጠሪያው አስገብቶ በልዩ መርማሪ መታየት አለበት።

«ፍሬኑ እንዳለ ይሥራ»

እስከ 1970 የተሠራው ሲ-10 ከፊትም ታምቡር ነው፤ የፊት ዲስክ የመጣው በ1971 ነው። ወደ 290 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ከመግባቱ በፊት ከ1971 ወይም 72 ተመሳሳይ ፒካፕ የፊት እግሩን ከነማስተር ሲሊንደሩና ከነግፊት ማመጣጠኛው አምጡ። ይህ ሥራ ኮፈኑና ራዲያተሩ በወረዱበት ጊዜ ይሠራ፤ ሞተሩ ከገባ በኋላ እጅ የሚገባበት ቦታ ይጠባል።