የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ቀለም፦ ስለ ግድግዳ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ነሐሴ ሲጋመስ ሳሎኑን ቀለም የማስቀባት ሐሳብ በየቤቱ ይነሣል። ዘመን መለወጫ ደርሷልና። ግድግዳው ግን ሁለት ወር ሙሉ የክረምቱን ዝናብ ሲጠጣ ከርሟል፤ የመጀመሪያው ስህተት የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

«እርጥብ ግድግዳን ዘይት ቀለም ያድነዋል»

እኔም አምኜ የመኝታ ቤቴን ግድግዳ ዘይት ቀለም አስቀባሁ። ጥቅምት ላይ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ዘይት ቀለም እርጥበት አያሳልፍም፤ ከተሰበረ አሸንዳ ወይም ከመሠረቱ የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከልስኑ ገፍቶ ያነሣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አሸንዳው ይጠገን፣ ግድግዳው ይድረቅ፣ ከዚያ እርጥበት የሚያስተነፍስ የውሃ ቀለም ይቀባ። መድረቁን ለማወቅ አንድ ቁራጭ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። በማግስቱ ከሥሩ ላብ ካለ ቀቢውን አትጥሩ፤ በዓሉም ሳይቀባ ይለፍ።

አዲስ የሲሚንቶ ልስንም አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል። ትኩስ ሲሚንቶ በዘይት ቀለም ውስጥ ያለውን ዘይት ቃል በቃል ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ቀለሙም ይላላና ይላቀቃል።

«ውሃ ጨመር ቢደረግበት ይበረክታል»

እንግዳ ሲበዛ የሚቀጥነው ሽሮ ነው። ቀለም ውስጥ ዱቄቱን እርስ በርሱና ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘው ሙጫ ነው፤ ውሃው ሲበዛ ሙጫው ይሳሳል፣ ግድግዳውን የተደገፈ እንግዳም ኮቱ ነጥቶ ይሄዳል። የውሃው መጠን ጣሳው ላይ ተጽፏል፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ አይበልጥም። ቀቢው ሲበጠብጥ አጠገቡ መቆም ነውር አይደለም።

ገንዘብ የሚያድነው ስሌት ነው። 4 በ3 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 34 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ሁለት ጊዜ ለመቀባት 7 ሊትር ይበቃል ማለት ነው።

«የቀለም ናሙና ካርዱ ላይ ያየሁት ቀለም ግድግዳዬም ላይ ያው ነው»

አራት ግድግዳዎች ቀለማቸውን እርስ በርስ ያንጸባርቃሉ፤ ካርዱ ላይ ለስላሳ የነበረው ቢጫ ክፍል ሲሞላ የእንቁላል አስኳል ይሆናል። የውሃ ቀለም ደግሞ ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ይጠቁራል። አምፖሉም የራሱን ያክልበታል። ሰፊ ካርቶን ሁለት ጊዜ ቀቡና በጠዋትና በማታ ብርሃን ከግድግዳ ግድግዳ እያዛወራችሁ እዩት።

«ካነሰ እንደገና እንበጠብጣለን»

በግምት የተበጠበጠ ሁለተኛ ባልዲ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም፤ መጋጠሚያው መስመር ሠርቶ ይቀራል። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዙ። አንድ ሊትር ነጭ ላይ ማቅለሚያውን በሚሊሊትር እየለካችሁ ጨምሩ፣ ጻፉት፣ ቀብታችሁ አድርቁት። ከወደዳችሁት መጠኑን አባዙት፤ ሊትሩን 3 ሚሊሊትር ካቀለመው 7 ሊትሩን 21 ያቀልመዋል፤ ሁሉንም በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ጊዜ። ምንጊዜም ደማቁን በነጩ ላይ ጠብ አድርጉ። ነጩን በደማቁ ላይ የጀመረ ሰው ባልዲው ሞልቶ እስኪፈስ ነጭ ይጨምራል። ቢጫን ለማደብዘዝም ጥቁር አትንኩ፤ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ጥቂት ቡናማ ይሻላል።

«ነጭ ሁሉን ይሸፍናል»

የኩሽና ጥላሸትን አይሸፍንም። ታጥቦ እድፍ የሚያግድ ማሸጊያ ቀለም ካልተቀባ በውሃው ቀለም ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይወጣል።

«አሮጌውን ቀለም መፋቅ አቧራ ብቻ ነው»

ይህ ጤናን የሚነካ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ (መርዛማው ብረት) ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ወስናለች። ከዚያ በፊት የተቀባ ዘይት ቀለም፣ በተለይ ደማቅ ቢጫና ቀይ፣ ከዚህ የበለጠ ሊይዝ ይችላል፤ የሕፃናትን አንጎልም ይጎዳል። ስለዚህ በደረቁ አትፈግፍጉት። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ከቤት ይውጡ፤ ግድግዳውን እያረጠባችሁ ፋቁ፤ የወደቀውንም በእርጥብ ጨርቅ አንሡት እንጂ በመጥረጊያ አትጥረጉት።