ጥቁር የተቀባ ሻንሲ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፦ ስለ ፒክአፕ ዝገት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ሻንሲው እኮ ተቀብቷል፣ ምንም ችግር የለበትም።» ሻንሲ ማለት መኪናውን ከስር የሚሸከመው የብረት አጽም ነው፤ ይህን ወሬ መስማት ሰልችቶኛል። ፒክአፕ የሚሸጠውም ይለዋል፣ የሚገዛውም ተቀብሎ ይደግመዋል። ጎንበስ ብለው ከስር ያያሉ። ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል፣ አዲስ ይመስላል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ መዶሻ የሚያነሳ የለም። እኔ ውሎዬ መኪና ስር ነው። በዚህ ጥቁር ቀለም የከሰሩ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

ዝገት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን። ጨው ሲጨመር ይፈጥናል፤ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፣ ዝገት ደግሞ ከአንዱ የብረቱ ክፍል ወደ ሌላው ኤሌክትሮን ሲሄድ የሚፈጠር ነገር ነው። እንግዲህ ሻንሲ ላይ የሚቀባን ማንኛውንም ነገር በአንድ ጥያቄ መዝኑት። ውሃውን ከብረቱ ያርቃል ወይስ ከብረቱ ጋር ይቆልፍበታል?

ያ ወፍራም፣ ጎማ ጎማ የሚል ጥቁር ሽፋን ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ ሲቀባ ጥሩ ነው። ከጠጠር ያድናል። የዛገ ብረት ላይ ሲለጠፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ስስና ጥብቅ ስለሆነ ከስሩ ያለውን ብረት ይጠብቃል። የብረት ዝገት እንዲህ አይደለም። በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው፤ እርጥበትና ጨው ይዞ ይቀመጣል። ከበላው ብረትም እጥፍ ድርብ ቦታ ስለሚይዝ ሽፋኑን ከስር ይገፋዋል። ሽፋኑ ይላቀቃል እንጂ ወዲያው አይወድቅም። በመሃል ኪስ ይፈጠራል። ውሃ በስንጥቅ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ፀሐይም ነፋስም አያደርቀውም። ብረቱ ባይቀባ ኖሮ ቢያንስ በየመሃሉ ይደርቅ ነበር።

አንድ ደንበኛ በቅርቡ የገዛትን ፒክአፕ ፍሬኗን እንዳይለት አመጣት። ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የንብርብር ብረት ስፕሪንግ) ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ቦታ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት፣ ሽፋኑ በአውራ ጣት ሲጫኑት ገባ ይላል። የካቻቢቴ ጫፍ አስጠጋሁበት። ብዙም ሳልገፋው ሰመጠ። ሽፋኑን ስልጠው ዝገቱ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ገጽ በንብርብር ተነሳ፤ ከኋላው ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ወጣ። ቀለሙ ግን አንድ ጭረት አልነበረበትም። ሰውዬው ደንግጦ «ተቀብቶ እኮ ነው የገዛሁት!» አለኝ። «ወንድሜ፣ ተቀብቶ ስለነበር ነው ያላየኸው» አልኩት።

ስለዚህ አሮጌ ፒክአፕ ላይ አዲስ የተቀባ ሻንሲ ካያችሁ ጥርጣሬያችሁ ይጨምር እንጂ አይቀንስ። ትንሽ መዶሻ ይዛችሁ ሂዱ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። የባሌስትራ ማሰሪያዎቹን፣ ከኋላ ጎማ በላይ ሻንሲው የሚጎብጥበትን፣ ከነዳጅ ታንከር በላይ ያለውን፣ የተበየዱ መጋጠሚያዎችን ሁሉ አንኳኩ። ሻጩ «አታንኳኳ» ካላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ሁለተኛው ስህተት ከዚሁ ጋር ይሄዳል። «ከውጭ ንጹሕ ከሆነ ውስጡም ንጹሕ ነው» ይላሉ። የብዙ ፒክአፕ ሻንሲ፣ ቢያንስ በከፊሉ፣ እንደ ሳጥን የተዘጋ ነው። ጭቃና ጨው በቀዳዳዎቹ ይገባና ውስጥ ይከማቻል። ጭቃው እርጥበት ይዞ ይቆያል፣ ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከውጭ ስትቀቡት የምትጠብቁት የሻንሲውን ግማሽ ብቻ ነው። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈቱ፤ «ቆሻሻ እንዳይገባ» ብላችሁ አትድፈኗቸው። ውስጡን በውሃ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ጫፉ ወደ ሁሉም አቅጣጫ በሚረጭ ረጅም ቀጭን ቱቦ ሰም ወይም ከበግ ሱፍ ቅባት የሚሠራ መከላከያ ርጩበት። እነዚህ ድርቅ ብለው አይሰነጠቁም፤ መገጣጠሚያ ውስጥ ይሰርጋሉ። በየዓመቱ መታደስ አለባቸው። አንዴ ተረጭቶ ለዘላለም የሚሆን ነገር የለም።

«የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ ነፃ ነው።» አትቀቡት። የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ ያመጣው አሲድና የብረት ብናኝ አለበት፤ ለካንሰር የሚያጋልጡ ነገሮችም አሉበት። በዚያ ላይ ይንጠባጠባል፣ መሬቱን ይበክላል፣ በብረት መጋጠሚያዎች መሃል ያሉትን የጎማ ቡሾች ያሳብጣል።

«ዝገት ቀያሪ ቀብቼዋለሁ፣ ወደ ብረት ተመልሷል።» አልተመለሰም። በውስጡ ያለው ታኒክ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ ስስ ዝገትን የረጋ ነገር ያደርገዋል፣ እዚያው ያበቃል። የተበላ ብረት አይሞላም። ንብርብር የሆነ ዝገት ላይ ከተቀባ ላዩን ብቻ ነው የሚነካው። ከላዩም ቀለም ያስፈልገዋል።

ባትሪ ላይ የሚሰካ የኤሌክትሪክ ዝገት መከላከያ መሣሪያ? ያ አሠራር ውሃ ውስጥ ላለ መርከብና መሬት ውስጥ ለተቀበረ ቧንቧ ነው። አየር ላይ ለሚሄድ መኪና ገንዘባችሁን አታባክኑ።

«አዲስ ነው፣ ፋብሪካው ጨርሶታል» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቶዮታ በአሜሪካ የታኮማና የተንድራ ፒክአፖች እንዲሁም የሴኮያ መኪና ባለቤቶች በሻንሲ ዝገት ምክንያት የመሠረቱትን ክስ በስምምነት ለመጨረስ ተስማምቷል። ጉዳዩ 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪና የሚነካ ነበር፣ ወጪውም እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል። ኩባንያው ጥፋቱን አላመነም። ክስ ያስነሱት መኪናዎች ግን መጀመሪያ ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም አዲስ ነበሩ። መኪናችሁ አዲስ ሳለ ነው ሰሙን መርጨት ያለባችሁ፤ ብረቱ ንጹሕ የሚሆነው ያኔ ነው።

ስለ ማጠብም ግራ የተጋባ ብዙ ነው። «ውሃ ዝገት ስለሚያመጣ ከስር አላጥበውም» ይሉኛል። ጨው የሚበተንበት መንገድ ወይም ባሕር ዳርቻ ላይ የሚነዳ ሰው ካላጠበ ጨውን ተሸክሞ ይኖራል። በብርድ አገር በረዶ እንዲቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ማግኒዚየም ክሎራይድ የሚባል ጨው የአየሩ እርጥበት ከ33 በመቶ ትንሽ ሲያልፍ እንኳ ራሱ ውሃ ስቦ ይረጥባል። ሰማዩ ደረቅ ሆኖ ሻንሲው እርጥብ ነው ማለት ነው። ብዙ ንጹሕ ውሃ በቀስታ አፍስሱበት፤ ኃይለኛ ግፊት ጨውን ወደ ስንጥቅ ይገፋዋል። ጨው ይዞ የመጣ መኪና ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ማሳደርም አይጠቅመውም። በረዶው ይቀልጣል፣ ሙቀቱ ዝገቱን ያፈጥነዋል።

«ቢበላም ይበየዳል» የምትሉ ደግሞ ይህን ስሙ። የሳሳ ብረት ላይ ላሜራ ለጥፎ መበየድ ጥገና አይባልም። ብየዳው የሚይዘው ወፍራምና ንጹሕ ብረት ሲያገኝ ነው። የተበላው ተቆርጦ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ መሄድ አለበት፣ ያውም ሻንሲ በሚያውቅ በያጅ። መሪው፣ ባሌስትራው፣ ጭነቱና ካቢኑ ሁሉ የተሸከሙት በዚሁ ብረት ነው።

ራሳችሁ ልትቀቡ ካሰባችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። እጠቡ። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ታገሡ፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። የተላቀቀውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አንሱ፣ ዚንክ ያለበት አንቲረስት ወይም ኢፖክሲ ቀቡ፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ውስጡን ሰም። የፍሬን ዲስክ፣ የፍሬን ሸራና ማርሚታ ላይ እንዳይደርስ ከመጀመራችሁ በፊት በላስቲክ ሸፍኗቸው።