ዓሣ አጥማጁ ዓሣ

ዓሣ ሲባል ዋናተኛ ነው የሚታየን። ይሄኛው ግን ዋና ብዙም አይሆንለትም። ኮራል በሚባለው፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሩት ድንጋይ መሳይ ነገር ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። ቦታ መቀየር ካሻው በእግሩ ይራመዳል፤ እግር ያልነው በርግጥ የጎን ክንፉን ነው።

ክላውን ፍሮግፊሽ ይሉታል፤ እኛ እንቁራሪት ዓሣ እንበለው። ሳይንሳዊ ስሙ አንቴናሪየስ ማኩላተስ ነው። ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1840 ሲሆን፣ መጀመሪያ የተገለጸውም ከሞሪሸስ ነው። የሚኖረው በሞቃት ባሕር፣ ጥልቀት በሌለው ኮራል ውስጥ ነው። በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ በብዛት ይታያል። የኢንዶኔዥያ ደሴት በሆነችው ሱላዌሲ አጠገብ ወዳለው የለምቤህ ባሕር ወሽመጥ ጠላቂዎች ካሜራ ይዘው የሚሄዱት እሱንና መሰሎቹን ፍለጋ ነው። ቀይ ባሕርም ውስጥ የቅርብ ዘመዶች አሉት።

አደገ ቢባል 15 ሴንቲሜትር ያህል ነው። አብዛኛው ከጡጫ አይበልጥም። ቆዳው ኪንታሮት የወረረው ይመስላል፣ ቅርፊት የለውም። በኦሪቱ ሕግ ዓሣ እንዲበላ ክንፍም ቅርፊትም ያስፈልገዋልና፣ ይሄ በግማሽ ወድቋል።

ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ዥጉርጉር ነው። ቀለሙን ቀስ በቀስ ይቀይራል። ስፖንጅ የሚባለው የባሕር እንስሳ አጠገብ ሲቀመጥ ዓይንህ ሥር ሆኖም ላታየው ትችላለህ።

ዋናው ጉድ ግን ግንባሩ ላይ ነው። የጀርባው የመጀመሪያ እሾህ ወደ ፊት መጥቶ የማጥመጃ ዘንግ ሆኗል። ጫፉ ላይ ትንሽ ዓሣ የምትመስል ሥጋ አለች። እሷን ያወዛውዛል። የራበው ዓሣ ምግብ አገኘሁ ብሎ ይጠጋል። ከዚያ አፉ ድንገት ይከፈትና ውሃውን ከነዓሣው ይስባል። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች ይህንን በሺኛ ሰከንዶች ነው የሚጨርሱት፤ በተራ ካሜራ አይያዝም። ራሱን የሚያክል ዓሣ ቢመጣም አይመልስም። ማታለያዋ ተነክሳ ብትቆረጥ እንኳ መልሳ ልታድግ ትችላለች።

የራሱን ዘር መብላትም ነውር አይደለም። አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ሁለት አንድ ላይ ማስቀመጥ የሚፈሩት ለዚሁ ነው። ሴቷ ከወንዱ ትተልቃለች። እንቁላሎቿን እንደ ጥብጣብ በረዘመ ዝልግልግ ነገር ውስጥ ትለቃለች፣ ጥብጣቡም ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ወንዱ ድርሻውን እንደጨረሰ ቶሎ ካልራቀ እራት ሊሆን ይችላል።